አንድ ነፃ ቀን ሙኒክ ላይ፦ ቤተ መንግሥት፣ ዕፅዋት ማዕከልና መናፈሻ ሳትከስሩ ለማየት ዝርዝር መመሪያ

ከጅማ ለሥልጠና፣ ለትምህርት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ሙኒክ የሚሄድ ሰው ከሥራው የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነፃ ቀን ነው። ሲመለስ ያችን ቀን እንዴት እንዳሳለፋት ስጠይቀው የምሰማው ይመሳሰላል። አንዱ ግንቡ በር ላይ ሲደርስ የትኬቱ ሰዓት አልፎበታል። ሌላው ትኬት በእጁ ይዞ ባቡር ውስጥ ተቀጥቷል። ሌላዋ በአዲስ ጫማ እግሯ ተልጦ ከሰዓት በኋላውን ሆቴል ተኝታ ውላለች። ቤተሰቡ ብዙ ወጪ አውጥቶ የላከውን ሰው እንዲህ ሆኖ ማየት ያሳዝነኛል፤ ሁሉም ከዋዜማው በፊት ሊስተካከል የሚችል ነገር ነበርና።

ከዚህ ጽሑፍ ግማሹ ዝግጅት ነው። ዘላችሁ ወደ ጉዞው አትለፉ።

ደረጃ 1፦ አንድ ግንብ ብቻ ምረጡ

ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። ሰው ሁለቱንም ዝነኛ ቦታዎች በአንድ ቀን ማየት ይፈልጋል። አይሆንም። ምርጫችሁ ይህ ነው፦

*ምርጫ ሀ፦ ኒምፈንቡርግ።* ከተማው ውስጥ ያለ ትልቅ ቤተ መንግሥት ነው፤ ግንባታው የተጀመረው በ1664 ነው (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ በትራም ይደረሳል። ከጀርባው በአጥር የተከበበ ወደ 180 ሄክታር የሚጠጋ መናፈሻ አለው፤ መናፈሻው መግቢያ አያስከፍልም። የሙኒክ ዕፅዋት ማዕከልም አጠገቡ ነው። በአንድ ቀን ግንብ፣ አትክልትና መናፈሻ ሳትሮጡ ታያላችሁ።

*ምርጫ ለ፦ ኖይሽቫንሽታይን።* በተራራ ላይ የቆመው፣ በፎቶ ሁላችሁም የምታውቁት ነጩ ግንብ ነው። ንጉሥ ሉድቪግ 2ኛ በ1869 ያስጀመረው ሲሆን ከ2025 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው። ከሙኒክ ወደ ፉሰን ከተማ በባቡር 2 ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ደግሞ አቀበት። ውስጡ የሚታየው በአስጎብኚ ብቻ፣ በተቆረጠ ሰዓት፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው።

የምትወስኑበት መንገድ ቀላል ነው። የኖይሽቫንሽታይንን ትኬት በኢንተርኔት አስቀድማችሁ ካልያዛችሁ ምርጫ ሀን ውሰዱ። በዕለቱ እዚያው የሚሸጥ ትኬት ቢኖርም ጥቂት ነው፤ በበጋና በበዓል ቀን ማለዳውን ያልቃል (በዚህ ጽሑፍ በጋ ስል የጀርመንን ሞቃት ወራት፣ ክረምት ስል የብርዱን ወራት ማለቴ ነው)። አብሯችሁ አረጋዊ ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ደግሞ ትኬት ቢኖራችሁም ሀን እመርጥላችኋለሁ። እናቴን ይዤ ብሄድ የምወስዳት ኒምፈንቡርግ ነው፤ በየጥቂት እርምጃው የምታርፍበት አግዳሚ ወንበር አለ።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ

ሰዎቻችን ከሁሉም በላይ የሚሸነፉት እዚህ ስለሆነ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡት።

1. *በሐሳባችሁ አትቀይሩ፤ ጻፉት።* ጀርመኖች ከእኩለ ሌሊት ጀምረው እስከ 24 ይቆጥራሉ። የእኛን ለማግኘት 6 ቀንሱ፦ 9:00 ማለት ጠዋት 3 ሰዓት፣ 14:20 ማለት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ነው። 21:00 ሲሆን ምሽት 3 ሰዓት እንዲሆን 18 ቀንሱ። እኔ ራሴ ማስታወሻዬ ላይ «ጉብኝት 3:30» ብዬ በእኛ ቆጠራ ጽፌ ለባልደረባዬ ሰጠሁት፤ እሱ 15:30 ነው ብሎ ተረዳ። ትኬቱ የጠዋት ነበር፤ ሁለታችንም አጣነው። ከዚያ ወዲህ ለጉዞ የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በስልክ ላይ እንደሚታየው ነው። ከዚህ በታች የምታገኙትም እንደዚያው የፈረንጅ ሰዓት ነው።

2. *የአገሩን ልዩነት ለዩ።* ጀርመን በክረምቷ ከኢትዮጵያ 2 ሰዓት፣ በበጋዋ 1 ሰዓት ትዘገያለች። ለውጡ የሚደረገው በመጋቢትና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሌሊት ነው (መጋቢት ስል የፈረንጆቹ ማርች ማለቴ ነው)። ስልካችሁ ሰዓቱን በራሱ እንዲያስተካክል መክፈታችሁን አረጋግጡ። የእጅ ሰዓታችሁን በጅማ ሰዓት ትታችሁ «ቀንሼ አየዋለሁ» አትበሉ።

3. *«ሀልብ» የምትለውን ቃል ተጠንቀቁ።* ጀርመናዊ «ሀልብ ጼን» ካላችሁ ቃል በቃል «ግማሽ አሥር» ነው፤ የኛ ሰው 10:30 ይመስለዋል። ትርጉሙ ግን 9:30 ነው፣ ወደ አሥር ግማሽ መንገድ እንደ ማለት። ሁልጊዜ በቁጥር አስጽፉ ወይም ስልካቸው ላይ አሳዩኝ በሉ።

4. *ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙ።* ቀን መጀመሪያ፣ ወር ቀጥሎ፣ ዓመት መጨረሻ ይጻፋል። ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የሳምንቱን ቀን ስም ከቁጥሩ ጋር አመሳክሩ። እሑድ ሱቆችና ሱፐርማርኬቶች ዝግ ናቸው፤ ነፃ ቀናችሁ እሑድ ከሆነ ምግብና ውሃ ቅዳሜ ግዙ።

5. *ፀሐይን አትመኑ።* ጅማ ዓመቱን ሙሉ 18:30 አካባቢ ይመሻል፤ እኛም ሳናውቀው በብርሃን እንመራለን። ሙኒክ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ21:00 በኋላ ነው፤ በዲሴምበር ደግሞ ከ16:30 በፊት ይጨልማል። በበጋ «ገና ቀን ነው» እያላችሁ የመጨረሻው ባቡር ያመልጣችኋል፤ በክረምት ደግሞ መናፈሻው መሃል ላይ ይጨልምባችኋል። የመመለሻችሁን ሰዓት ማንቂያ ላይ ሙሉት።

ደረጃ 3፦ እግርና ልብስ ጅማ ላይ ይፈተን

በምርጫ ሀ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ትራመዳላችሁ፤ መንገዱ ብዙው ጠጠር ነው። ስለዚህ ለጉዞው የገዛችሁትን ጫማ ሻንጣ ውስጥ አታሽጉት።

ከመብረራችሁ ሁለት ሳምንት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ያንን ጫማና የምታደርጉትን ካልሲ አድርጋችሁ ከከተማው መሃል እስከ ጅሬን ኮረብታ፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግራችሁ ውጡ። ወደ 7 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ መጨረሻው አቀበት የሆነ መንገድ ነው። ስትመለሱ ባጃጅ ብትይዙ ችግር የለውም። ተረከዛችሁን ወይም ትንሿን ጣታችሁን ከቆረጠማችሁ ያ ጫማ ሙኒክ አይሄድም፤ አሮጌውን ውሰዱ። ይህን ፈተና ያደረገ ሰው እግሩ ሲላጥ አላየሁም።

ልብስ ደራርቡ፦ ስስ ቲሸርት፣ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ጅማ ላይ የሐምሌን ዝናብ የቻለ ጃኬት ለሙኒክ ዝናብም ይበቃል፤ ለክረምቱ ብርድ ግን አይበቃም። ከኖቬምበር እስከ መጋቢት የምትሄዱ ከሆነ ጓንትና የጆሮ መሸፈኛ ኮፍያ የግድ ነው።

የምግብ ማስጠንቀቂያ፦ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ተዋጽኦ በሻንጣ ማስገባት ለመንገደኛ ክልክል ነው። ስለዚህ ቋንጣ፣ ቅቤ፣ በቅቤ የተለወሰ ጭኮ ይቀራል። ቆሎ ያዙ። ማር ለስጦታ የምትወስዱ ለአንድ ሰው ከ2 ኪሎ አትለፉ።

ደረጃ 4፦ ትኬትና ክፍያ

*የግንብ ትኬት።* የኖይሽቫንሽታይን ትኬት የሚሸጠው በግንቡ ሥር ያለው የሆሄንሽቫንጋው ትኬት ማዕከል ድረ ገጽ ላይ ነው። በፍለጋ መጀመሪያ የሚመጡት ብዙዎቹ ዋጋ ጨምረው የሚሸጡ ደላላዎች ናቸው፤ አድራሻውን ሳታረጋግጡ ካርድ ቁጥር አትስጡ። ለውጭ ክፍያ የሚሠራ ካርድ ከሌላችሁ ጀርመን ያለ ዘመድ ወይም የሚቀበላችሁ ተቋም እንዲከፍልላችሁ ከሳምንታት በፊት ጠይቁ፤ ገንዘቡን በጥሬው እዚያ ስትደርሱ ትመልሳላችሁ። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ሙኒክ ባለችበት በባየርን ግዛት ቤተ መንግሥቶች መግቢያ አይከፍልም፤ ለኖይሽቫንሽታይን ግን ለልጁም ሰዓት የተቆረጠበት ትኬት ማስያዝ አለባችሁ። ኒምፈንቡርግ ላይ በሩ ላይ መግዛት ይቻላል።

*የከተማ ትራንስፖርት።* ለምርጫ ሀ «ታገስካርተ» የሚባለውን የቀን ትኬት ከተማውን ለሚሸፍነው ዞን ኤም ግዙ። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ እስከ 5 አዋቂ የሚያገለግለው «ግሩፐን ታገስካርተ» ይሻላል። እስከ ማግስቱ 6:00 ጠዋት ይሠራል።

አሁን የሚያስቀጣው ነገር፦ ከማሽን የተገዛ የወረቀት ትኬት ብዙ ጊዜ ገና አልተመታም። ኡ-ባን (የምድር ውስጥ ባቡር) እና ኤስ-ባን (የከተማና የዳርቻ ባቡር) ላይ ወደ ሐዲዱ ከመውረዳችሁ በፊት፣ ትራም ላይ እንደገባችሁ፣ ትንሿ ማሽን ውስጥ አስገብታችሁ ቀኑና ሰዓቱ እንዲመታበት አድርጉ። ያልተመታ ትኬት እንደሌለ ይቆጠራል፤ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ተራ ልብስ የለበሱ ናቸው። «አላወቅኩም፣ እንግዳ ነኝ» ማለት አይረዳም። በስልክ መተግበሪያ የተገዛ ትኬት መምታት አያስፈልገውም፤ ባትሪያችሁ ከሞተ ግን ትኬት የላችሁም።

*ወደ ፉሰን።* ለምርጫ ለ «ባየርን ትኬት» ግዙ። እስከ 5 ሰው አብሮ ይሄድበታል። ሦስት ሕግ አለው፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠራው ከ9:00 በኋላ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ፤ በክልል ባቡር ብቻ ነው፣ አይሲኢ በሚባለው ፈጣን ባቡር አይሠራም፤ የተሳፋሪዎቹ ስም ትኬቱ ላይ መጻፍ አለበት። ስማችሁን በፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ጻፉ። ወርሃዊው «ዶይችላንድ ትኬት» ካላችሁ እሱ ይበቃችኋል፤ የ9:00 ገደብም የለበትም።

*ጥሬ ገንዘብ።* ለአንድ ሰው ቢያንስ 50 ዩሮ በትናንሽ ኖት፣ ሳንቲምም ጭምር ያዙ። ጣቢያ ውስጥ ያሉ ሽንት ቤቶች ያስከፍላሉ። የፕላስቲክ ውሃ ስትገዙ 25 ሳንቲም መያዣ ትከፍላላችሁ፤ ባዶውን ጠርሙስ ሱፐርማርኬት ስትመልሱ ይመለስላችኋል፣ ስለዚህ አትጣሉት። የቧንቧ ውሃው የሚጠጣ ነው፤ ኮዳ ይዛችሁ ብትሞሉ ከዚህ ሁሉ ትድናላችሁ።

ደረጃ 5፦ በዋዜማው ምሽት

1. የአየሩን ትንበያ እዩ። ከባድ ዝናብ ካለ ደረጃ 6 ላይ ያለውን የዝናብ ቅደም ተከተል ተከተሉ።
2. የትራሙንና የባቡሩን ሰዓት ከመስመሩ መተግበሪያ ላይ አረጋግጡ። በተለይ በበጋ የሐዲድ ጥገና ስለሚበዛ ባለፈው ዓመት የሄደ ሰው የነገራችሁ መስመር ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።
3. የሆቴሉን አድራሻ፣ ትኬቱንና የባቡሩን ሰዓት ስክሪንሾት አንሱ። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዱ።
4. ከተማው በጀርመንኛ «ሙንሽን» እንጂ «ሙኒክ» እንዳልሆነ አትርሱ። ሰሌዳ ላይ «ሙኒክ»ን ስትፈልጉ ባቡሩ ይሄዳል።
5. ፓስፖርታችሁን ከቪዛው ገጽ ጋር ፎቶ አንስታችሁ ለአንድ ቤተሰብ ላኩ፤ ዋናውን ደረት ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ያዙ።
6. ምሳ ቋጥሩ። ጾመኛ ከሆናችሁ «ቬጋን» የሚል ምልክት ያለበትን ፈልጉ፤ «ቬጌታሪሽ» የሚለው እንቁላልና ወተት ሊኖርበት ይችላል፣ አይጾምበትም። ሥጋ የምትበሉም «ሽቫይን» ማለት አሳማ መሆኑን ያዙ፤ ስሙ ሳይጻፍ ቋሊማ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ስለሚበዛ ካልጠየቃችሁ አትብሉ። ሙስሊም ወገኖች በዋናው ባቡር ጣቢያ ደቡብ በኩል ባሉት መንገዶች የቱርክና የአረብ ሐላል ምግብ ቤቶች ያገኛሉ።

ደረጃ 6፦ የኒምፈንቡርግ ቀን (ምርጫ ሀ)

*8:15፣ መነሻ።* የተለመደው መስመር ትራም 17 ነው። «ሽሎስ ኒምፈንቡርግ» ፌርማታ ውረዱ። ከዚያ በቦዩ ዳር 10 ደቂቃ ያህል ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፤ ቤተ መንግሥቱ ከፊት ለፊታችሁ ስለሚታይ መጥፋት አይቻልም። በእግረኛ መንገድ ላይ ቀለም የተለየበት ወይም ብስክሌት የተሳለበት መስመር ካለ አትርገጡት። ጅማ ላይ ባጃጅ ያያችሁና ይዞራል፤ እዚያ ብስክሌተኛው መስመሩ የሱ ስለሆነ አይቀንስም።

*9:00፣ ውስጡን አስቀድሙ።* ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ከ9:00 እስከ 18:00፣ በቀረው ጊዜ ከ10:00 እስከ 16:00 ክፍት ነው። ብዙ ሰው መናፈሻው ያማልለውና ውስጡን ለከሰዓት ያቆየዋል፤ በዚያ ሰዓት የጉብኝት ቡድኖች ሞልተውታል። ሲከፈት ግቡ። በበጋ የምትሄዱ ከሆነ ዋናውን ቤት፣ የሠረገላ ሙዚየሙንና በመናፈሻው ውስጥ ያሉትን ትናንሽ ቤቶች አንድ ላይ የሚያሳየውን ጠቅላላ ትኬት ግዙ። በክረምት ትናንሾቹ ቤቶች ዝግ ስለሆኑ የሚሸጥላችሁ ትኬት እነሱን አይጨምርም።

ውስጥ አንድ ሰዓት ይበቃል። ትልቁን የድንጋይ አዳራሽ ቀና ብላችሁ ጣሪያውን ሳታዩ አትለፉ። ቀጥሎ 36 ሴቶች የተሳሉበትን ክፍል አታምልጡት፤ የባላባት ልጅም የጫማ ሠሪ ልጅም በአንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ኖይሽቫንሽታይንን ያሠራው ሉድቪግ 2ኛ በ1845 የተወለደበት ክፍልም እዚሁ ነው። ፍላሽ አጥፉ፤ ዕቃ አትንኩ።

*10:15፣ መናፈሻው።* በጀርባ በር ውጡና ፊታችሁን ወደ ቦዩ አዙሩ። አቅጣጫ ሳትይዙ አትራመዱ፤ ሰው የሚደክመው እየተመለሰ ሲዞር ነው። ዙሩ እንዲህ ነው፦

- መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ወደ አማሊየንቡርግ። ትንሽ የአደን ማረፊያ ናት፤ መሃሏ ላይ ያለው ክብ የመስታወት አዳራሽ ግን ከዋናው ቤት ይበልጥብኛል። ቡድን ከገባባት ውጭ ቁሙና እስኪወጡ ጠብቁ።
- ከዚያ በግራው ዳር እንዳላችሁ ወደ ባደንቡርግ፣ ሐይቅ ዳር ያለው ቤት።
- ቀጥሎ ቦዩ የሚጀምርበት የውሃ ፏፏቴ ድረስ ውጡ። ይህ መዞሪያችሁ ነው።
- በሌላኛው ዳር፣ በፓጎደንቡርግ በኩል ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመለሱ።

ከእረፍት ጋር 2 ሰዓት ተኩል ያዙለት። ዳክዬና ዝይ አትመግቡ፣ አበባ አትቁረጡ፣ ሣሩ ላይ ጨርቅ አታንጥፉ። ምሳችሁን አግዳሚ ወንበር ላይ ብሉ።

አረጋዊ ያለበት ቡድን አማሊየንቡርግን አይቶ ይመለስ፤ ሙሉውን ዙር አትሞክሩት።

*13:15፣ ዕፅዋት ማዕከሉ።* ከመናፈሻው በስተሰሜን ነው፤ መግቢያው ለብቻው ይከፈላል። በ1914 የተከፈተ ሲሆን ከ20 ሄክታር በላይ ይሰፋል። ግሪንሃውሶቹን አስቀድሙ፤ ከአትክልቱ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይዘጋሉ። ከብርድ ሲገባ የካሜራና የስልክ ሌንስ ላብ ይዘዋል፤ አትጥረጉት፣ 5 ደቂቃ ጠብቁት፣ በራሱ ይጠራል። ጃኬታችሁንም አውልቁ፣ ካልሆነ በላብ ወጥታችሁ ብርድ ይመታችኋል። የተክሎቹ ስም በላቲን ስለሆነ በጀርመንኛ አትጨነቁ። የሐሩር ተክሎች መካከል «ኮፊያ አራቢካ» የሚል ካጋጠማችሁ የጓሯችሁን ቡና አገኛችሁ ማለት ነው፤ ፎቶውን ለጎማና ለማና ዘመዶቻችሁ ላኩት።

*16:00፣ እንግሊሸር ጋርተን።* አቅም ከቀረላችሁ ብቻ። በትራም ወደ መሃል ከተማ ተመልሳችሁ በኡ-ባን 3 ወይም 6 «ጊዘላሽትራሰ» ውረዱና ወደ ምሥራቅ ሂዱ። በ1789 የተመሠረተ ከ370 ሄክታር በላይ የሚሰፋ መናፈሻ ነው፤ ሣሩ ላይ መቀመጥም መጋደምም ይቻላል። የቻይና ግንብ የሚባለው 25 ሜትር የእንጨት ማማ መገናኛ ቦታ ይሁናችሁ። እዚያ ካለው የቢራ አትክልት ጠረጴዛ ልብስ በሌለባቸው ጠረጴዛዎች የራሳችሁን ምግብ አውጥታችሁ መብላት የባየርን ልማድ ነው፤ መጠጥ ግን ከእነሱ ይገዛል። ለስላሳ አለ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እዚህ አለ። አንደኛ፣ አይስባኽ የሚባለው ጅረት ውስጥ አትግቡ። ከላይ ሲያዩት ጠባብ ነው፤ ውሃው ግን በረዶና ኃይለኛ ነው፣ ሰው ወስዷል። ሁለተኛ፣ በደቡቡ ክፍል «ሽዮንፌልድቪዘ» በሚባለው ሜዳ ላይ በበጋ ሰዎች ራቁታቸውን ፀሐይ ይሞቃሉ፤ በሕግ የተፈቀደ ነው። ከአባታችሁ ወይም ከልጆቻችሁ ጋር ከሆናችሁ ከማማው በስተሰሜን ባለው ክፍል ቆዩ። በምንም ምክንያት ወደዚያ ሜዳ ካሜራ አታዙሩ።

*ዝናብ ከሆነ፦* ዋናው ቤት፣ ከዚያ የሠረገላ ሙዚየሙ፣ ከዚያ በቀጥታ ግሪንሃውሶቹ። መናፈሻው ይቅር።

ደረጃ 7፦ የኖይሽቫንሽታይን ቀን (ምርጫ ለ)

*የትኬት ሰዓት ስትመርጡ* ባቡራችሁ ከሙኒክ ከሚነሳበት ቢያንስ 4 ሰዓት በኋላ ያለውን ያዙ። ስሌቱ፦ ባቡር 2 ሰዓት፣ አውቶቡስ መጠበቅና መሄድ ግማሽ ሰዓት፣ አቀበቱ 40 ደቂቃ፣ የቀረው ለመዘግየት። ሰኞ እስከ ዓርብ ባየርን ትኬት ከያዛችሁ ከ9:00 በፊት መነሳት ስለማትችሉ ከ13:30 የቀደመ ጉብኝት አትያዙ።

1. ከመነሻው 20 ደቂቃ በፊት ጣቢያ ድረሱ። ሰሌዳው ላይ ከመድረሻው ስም ይልቅ የሐዲዱን ቁጥር እዩ። አንዳንድ የክልል ባቡሮች መንገድ ላይ ለሁለት ተከፍለው ወደተለያየ ከተማ ይሄዳሉ፤ የተቀመጣችሁበት ፉርጎ ላይ «ፉሰን» መባሉን በሩ ላይ ያለውን ማሳያ አይታችሁ ግቡ።
2. ፉሰን የመጨረሻው ጣቢያ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ወደ ሆሄንሽቫንጋው የሚሄደውን አውቶቡስ ያዙ፤ መንገዱ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ከባቡሩ ስትወርዱ ፎቶ ለማንሳት አትቁሙ፣ አውቶቡሱ የሚሞላው በዚያ ባቡር ሰዎች ነው።
3. ሥር ላይ ስትደርሱ ሽንት ቤት ተጠቀሙ፤ ትልቅ የጀርባ ቦርሳና የልጅ ጋሪ ወደ ውስጥ ስለማይገባ እዚያው አስቀምጡ።
4. በእግር ውጡ። ሰረገላና አመላላሽ አውቶቡስ አለ፤ ሁለቱም ግን ወረፋ አላቸው፣ በሩ ድረስም አያደርሱም። አመላላሹ በበረዶ ጊዜ አይሠራም። ጅሬን የወጣ ሰው ይህን አቀበት ይወጣዋል።
5. ወደ ማሪየን ድልድይ የምትሄዱት ከጉብኝቱ *በኋላ* ነው። ዝነኛው ፎቶ የሚነሳው እዚያ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፤ ብዙ ሰው ጉብኝቱ የሚያመልጠው እዚህ ቆሞ ነው። መንገዱ በረዶ ሲይዝ ድልድዩ ይዘጋል፤ አጥር ተሻግራችሁ አትግቡ።
6. በሩ ላይ ያለው ማሳያ የጉብኝት ቁጥራችሁን ሲያሳይ ግቡ። ጅሬን ላይ አስጎብኚ ይጠብቀናል፤ እዚያ በሩ ለቁጥራችሁ ለአጭር ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል። ያለፈ ትኬት ገንዘቡ አይመለስም። ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው። በአማርኛ የተቀዳ የድምፅ ገለጻ አትጠብቁ፤ እንግሊዝኛውን አስቀድማችሁ ምረጡ።

ደረጃ 8፦ ነገር ሲበላሽ

*ባቡሩ ዘግይቶ ጉብኝቱ ሊያልፍ ከሆነ፦* ወደ ግንቡ አትሩጡ። ሥር ያለው ትኬት ማዕከል ሄዳችሁ ሰዓቱ *ሳያልፍ* እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ፤ ቦታ ካለ ሊረዷችሁ ይችላሉ። ካለፈ በኋላ መለመን ዋጋ የለውም። ቦታ ከሌለ ድልድዩንና ሥር ያለውን አልፕዜ ሐይቅ እዩ፤ ሁለቱም በነፃ ናቸው። ሉድቪግ ያደገበት ቢጫው የሆሄንሽቫንጋው ግንብም እዚያው አለ፤ ብዙ ጊዜ ቦታ ይገኝበታል።

*በተሳሳተ ባቡር ከገባችሁ፦* በሚቀጥለው ጣቢያ ውረዱና ወደ ኋላ ተመለሱ። «ይደርስ ይሆናል» ብላችሁ አትቀመጡ። ከተቆጣጣሪ ጋር ስትነጋገሩ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፣ ትኬቱንና ፓስፖርቱን አብራችሁ አቅርቡ።

*ከተቀጣችሁ፦* አትከራከሩ፣ ገንዘብም ያለ ደረሰኝ በእጅ አትስጡ። የቅጣት ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ክፈሉ። ከአገር እስክትወጡ ዝም ማለት ለሚቀጥለው ጉዟችሁ ጣጣ ያመጣል።

*ከተጠፋፋችሁ፦* ጠዋት ሳትለያዩ ሁለት መገናኛ ቦታ ስማሙ፦ ኒምፈንቡርግ ላይ ዋናው በር ያለው ደረጃ፣ ኖይሽቫንሽታይን ላይ ትኬት ማዕከሉ። የጠፋው ቦታው ላይ ይቁም፣ የሚፈልገው ይንቀሳቀስ። ሁለቱም ከተንቀሳቀሱ አይገናኙም።

*እግር ከላጠ፦* ጫማውን ሳታወልቁ «አፖቴከ» የሚል ቀይ ምልክት ያለበት መድኃኒት ቤት ፈልጉ፤ ለተላጠ እግር የሚለጠፍ ፕላስተር አላቸው። እሑድ ተረኛው ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ስለዚህ ፕላስተሩን ከጅማ ይዛችሁ ሂዱ።

*ፓስፖርት ከጠፋ፦* በመጀመሪያ በአቅራቢያ ያለ ፖሊስ ጣቢያ አስመዝግቡና ወረቀቱን ተቀበሉ። ቀጥሎ ፍራንክፈርት ያለውን የኢትዮጵያ ቆንስላ ጄኔራል ወይም በርሊን ያለውን ኤምባሲ አግኙ። ለቤተሰብ የላካችሁት ፎቶ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ለአደጋና ለአምቡላንስ የሚደወለው 112 ነው፤ ክሬዲት ባይኖራችሁም ይደውላል፣ በእንግሊዝኛም ልታወሯቸው ትችላላችሁ።

*የመጨረሻው ባቡር ካመለጣችሁ፦* ፉሰን ጣቢያ ላይ ለማደር አትሞክሩ፤ ሌሊቱ በበጋም ይበርዳል። ከመጨረሻው በፊት ያለውን ባቡር የመመለሻችሁ ባቡር አድርጋችሁ ያዙት፤ የመጨረሻው መጠባበቂያ ይሁን።